ቁልፉ ቅዳሴ ሄዶ ነበር

ከጎጃም ከተመለስኩ ወዲህ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ከንፈሩን ነክሶ ያልፋል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ "ጌታሁን፣ ሆድህ እንዴት ነው?" ሳትለኝ አትውልም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዓባይን ተሻግሮ ገብቷል፤ በየቢሮው ደግሞ እየተጨመረበት ሄዷል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ከመነሻው ልጻፈው። ወደዚያ አገር ሄዳችሁ ለማታውቁና ምናልባትም ለማትሄዱ መንገዱንና ምግቡንም አስገባለሁ። ጉዞው መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ የተደረገ ነው።

ሥራዬ ድጋፋዊ ክትትል ይባላል። በየገጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚከትቡ፣ እርጉዝ የሚከታተሉ፣ ሽንት ቤት የሚያስቆፍሩ። የእኔ ሥራ እነሱ ዘንድ ሄዶ "ሥራ እንዴት ነው?" ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ታብሌት ላይ ተጭነው ይሰጡኛል፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትመልሳለች፣ እኔ በጣቴ እነካለሁ። ድጋፉ የቱ ጋ እንደሆነ እስካሁን አልደረስኩበትም። ክትትሉ ግን አለ።

የዚህኛው ጉዞ ምክንያት ከቁይ ወዲያ ያለች አንዲት ቀበሌ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ በገበያ ቀን እንዲሳቅባቸው አልፈልግም። ቀበሌዋ "ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው የለኝም" ብላ አስታውቃለች። እውነት ከሆነ አረጋግጬ ለዚህ ምስክር የሚሆነውን ነጭ ባንዲራ ማሰቀል ነበረብኝ።

ቀን አንድ፣ እሑድ

እሑድ ለመስክ መነሳት ጋሽ በላቸውን ያናድደዋል። ጋሽ በላቸው ሹፌራችን ነው፤ የስንቱን ተቆጣጣሪ ሻንጣና ወሬ ተሸክሞ አገር ያዳረሰ ሰው። "ስለ ወባ ሰማሁ፣ ስለ ቲቢ ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ በሰንበት ስለ ሽንት ቤት ልሰማ ነው" አለና ሞተሩን አስነሳ።

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ውሃ ከጠፋ ሰነባብቷል፤ ፊቴን የታጠብኩት ከጀሪካን በጣሳ ቀድቼ ነው፣ ሽንት ቤቱንም እንደዚያው። በሰፈራችን አጥር ሁሉ ላይ "እዚህ መሽናት በሕግ ያስቀጣል" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር ያለው እርጥበት ሕጉን ማን እንደሚያነበው ይናገራል። ይህን የምጽፈው የገበሬ ሽንት ቤት ሊመረምር የሄደው ሰው የራሱን በምን ሁኔታ ትቶ እንደወጣ ይታወቅ ብዬ ነው።

ዓባይ በረሃን ስንወርድ እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ ጋሽ በላቸው ፍሬኑን ያዳምጣል። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ዳገት ጨርሰን ደጀን ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን፤ ምሳም ደርሶ ነበር። ደጀን ላይ ሥጋ ቤት አይታችሁ እንዳታልፉ የሚያደርግ ነገር አለ። ቁርጥ አዘዝኩ። ጋሽ በላቸው ለራሱ ጥብስ አዞ እኔን ትክ ብሎ አየኝ።

"ንጽህና ልትቆጣጠር እየሄድክ ጥሬ ሥጋ?"

"ሥጋው ትኩስ ነው።"

"ሥጋው ትኩስ ነው፤ ቢላዋውስ?" አለ። እኔ ሚጥሚጣውን እየጠቀስኩ ነበር።

ማርቆስ ያደርንበት ሆቴል ንጹሕ ነበር። የሞቀ ውሃ ቧንቧ ላይ ቀይ ምልክት እንጂ የሞቀ ውሃ የለም። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ግን ሳልጠይቃት ባልዲ ሙሉ አሙቃ አምጥታ በሬ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኛ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ ጎረቤት ቢኖር በየወሩ የምንሰበሰብበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ቀን ሁለት፣ ሰኞ

ጠዋት የዞኑን ባለሙያ አገኘሁት። ሹራብ የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ነገሩን ባጭሩ ነገረኝ። "ነገ ሥላሴ ነው፤ ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚሰበሰብ ባንዲራው ያኔ ይሰቀላል። የቀበሌዋ ኤክስቴንሽን ማስተዋል ትባላለች። ባንዲራው ከተሰቀለ ወደ ማርቆስ እናዛውርሻለን ብለናታል። ልጇ እዚህ ናት።"

"ካልተሰቀለስ?"

"በሚመጣው ዓመት ደግሞ ይታያል" አለ። በእኛ መሥሪያ ቤት ቋንቋ ይህ ማለት እግዜር ያውቃል ማለት ነው።

ማስተዋልን ቁይ ከተማ ላይ አገኘናት። የክትባት ሳጥኗን ጭኗ ላይ አቅፋ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሠላሳን ያለፈች፣ ፈጣን ወሬ ያላት፣ መኪና ውስጥ ከገባች ጀምሮ ጋሽ በላቸውን በየመታጠፊያው የምትመራ ሴት ናት።

"በዚህ ቀበሌ ያልገባሁበት ሽንት ቤት የለም" አለች። "ሕፃናቱ ሲያዩኝ ዶማ ይዘው ይወጣሉ። ስሜን ጠርተው ሲያስቡኝ ጉድጓድ ነው የሚታያቸው።"

"ልጅሽ ማርቆስ ናት አሉኝ" አልኳት።

"ቤዛ፤ ከእናቴ ጋር ናት። እናቴን 'እማዬ' ትላለች፣ እኔን 'ማስቲ'። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።" ከዚያ መስኮቱን አየች፤ ጋሽ በላቸው መታጠፊያ አለፈ፣ አልተናገረችም።

ሰፈሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መኪናችን ዋልካ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጋሽ በላቸው ማርሽ ለዋወጠ፣ ድንጋይ አስገባ፣ ጎማው ግን እየቆፈረ ወረደ። አዲስ አበባ ቢሆን ዙሪያችንን ሃያ ሰው ከብቦ ሃያ ምክር ይሰጠን ነበር። እዚህ አንድ ሰው መጣ፤ አየን፤ ምንም ሳይናገር ተመለሰ። እንደ ናቀን ቆጠርኩት። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ጥማድ በሬና ጠፍር ይዞ መጣና መኪናዋን እንደ ሞፈር ጎትቶ አወጣት።

አያ ቢያድግልኝ የሚባለው እሱ ነው። የቀበሌዋ ሞዴል አርሶ አደር፣ የጤናው ሁሉ ማሳያ። ገና ስንጨባበጥ "አንቱ አትበለኝ፤ አላረጀሁም" ብሎ አስጠነቀቀኝ። እንግዳ ሆቴል እንዲፈልግ የማይፈቅድ ሰው መሆኑን ማስተዋል ቀድማ ነግራናለች፤ ሆቴልም አልነበረም። እሷ ጤና ኬላው አጠገብ ወዳለችው ቤቷ ሄደች፣ እኛን እሱ ወሰደን።

"ጎጃም ያልመጣ ተቆጣጣሪ የለም፤ የመጣውም ሁሉ የሚበላው እኔ ቤት ነው" አለ። እጅ መታጠቢያ ጊዜዎችን ሳልጠይቀው እንደ ውዳሴ ማርያም ደገመልኝ። መድገሙ እኔን ለማስደሰት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚሉት ነው። ሚስቱ የሻረግ እርጎ አመጣች። ጠጣሁ። አሬራ አመጣች። ጠጣሁ። ዶሮው ወጣ፣ ከዚያ ማር ከነሰፈፉ። "በቃኝ" ባልኩ ቁጥር "በእኔ ሞት" ይሉኛል፤ የሁለት ሰው ነፍስ ከምወስድ ብዬ በላሁ። የደጀኑ ቁርጥ ይህን ሁሉ ከታች ሆኖ ይጠብቅ እንደነበር አላወቅኩም።

"ሽንት ቤቱንስ?" አልኩት ሥራዬ ትዝ ብሎኝ።

"እሱን ነገ በብርሃን ነው የምታየው" አለ ፊቱ በርቶ። "ለሠርግ የተዘጋጀ ነው የሚመስልህ።"

ቀን ሦስት፣ ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ሆዴ ቀሰቀሰኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ መቀስቀስ ብቻ አይደለም፣ ከአልጋው አስነስቶ ጫማ አስደረገኝ። ከማዶው ኮረብታ ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የቅዳሴ ዜማ ይሰማል። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ የሥላሴ ዕለት ስለሆነ ሁሉም ሄደዋል። ጓሮ ወጣሁ።

ሽንት ቤቱ በእርግጥ ለሠርግ የተዘጋጀ ይመስላል። ግድግዳው በጭቃ ተመርጎ ነጭ አፈር ተቀብቷል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ደጁ ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ቆሟል፣ ሳሙናው በክር ተንጠልጥሏል፣ ግራና ቀኙ አደይ ቢጤ አበባ ተተክሏል። በሩ ላይ የቡጢ ያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

ቁልፉን ጎተትኩት። አልተከፈተም። መኪናው ውስጥ የተኛውን ጋሽ በላቸውን መስኮቱን መትቼ ቀሰቀስኩት። እሱም በፍጥነት ከጎረቤት ልጅ ጠይቆ መልሱን በሩቁ ነገረኝ፦ "ቁልፉ የሻረግ አንገት ላይ ነው! የሻረግ ቅዳሴ ናት!"

"ሌላ ሽንት ቤት የላቸውም?"

"አሮጌ ነበራቸው። ለዛሬው ዓይን እንዳያሳፍር ብለው ትናንት ደፈኑት!"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ቆሜ ነገሩን ለማሰብ ሞከርኩ። ሽንት ቤቱ የተቆለፈው ተቆጣጣሪው ሳያየው እንዳይቆሽሽ ነው። ተቆጣጣሪው እኔ ነኝ። ከእኔ ለእኔ የተጠበቀ ሽንት ቤት ፊት ቆሜ እያማጥኩ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከሸለቆው ማዶ ነው፣ ጎረቤት ለመሄድ ደግሞ ውሻቸውን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ከጓሮው በታች የባሕር ዛፍ ደን አለ። ወደዚያ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ አልጽፍም። ቀና ስል ግን አንዲት መነኩሴ ከደኑ ጫፍ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አየሁ። እማሆይ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ስማቸውን ያወቅኩት ኋላ ነው። ጉልበታቸው ዳገቱን ስለማይችል ቅዳሴውን ከጎጇቸው ደጅ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት፣ ጎጇቸው ደግሞ ከደኑ ጋር ፊት ለፊት ነው። ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው በረጋ ድምፅ ተናገሩኝ።

"ጨርስና ና፤ እጠብቅሃለሁ።"

ጠበቁኝም። ቀበቶዬን እያሰርኩ ስቀርብ ጫማዬን አይተው ከተሜ መሆኔን አወቁ።

"ልጄ፣ ይህ አገር ሕግ አለው። አልነገሩህም?"

"ነግረውኛል፣ እማሆይ።" ሕጉን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

"የኔን ጉድጓድ ክረምቱ ደረመሰው። በዚህ ጉልበቴ ቁልቁል ጎረቤት ድረስ እወርዳለሁ፣ ተመልሼ እወጣለሁ። ሜዳ ግን አልወጣም፤ በመሰብሰቢያው ዛፍ ሥር እጃችንን አንስተን ተስማምተናልና።" ከዚያ መንገድ ጠቆሙኝ። "በል ቅደም። ኤክስቴንሽኗ ዘንድ ነው የምንሄደው።"

ማስተዋል ጤና ኬላው ደጅ ላይ ነጩን ባንዲራ ካውያ እያስነካችው ነበር። የከሰል ካውያ፣ ነጭ ጋውን፣ ጸጉሯም ለበዓሉ ተሠርቷል። እማሆይ "ይህን ሰው ከባሕር ዛፉ ሥር ያዝኩት" አሏት። ካውያውን አስቀመጠችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠኝ ነው። ደም አለው ወይ አለች። ሕይወት አድኑን ዱቄት በውሃ በጥብጣ ሰጠችኝ፤ ቀስ እያልክ ጠጣ፣ ካልተሻለህ ቁይ ጤና ጣቢያ እወስድሃለሁ አለች። "የተቅማጥ ሕመምተኛን በአግባቡ ትመክራለች ወይ" የሚል ጥያቄ ታብሌቱ ላይ አለ። በዚህ በኩል ሙሉ ነጥብ እንዳገኘች ይመዝገብልኝ።

ጠጥቼ ስጨርስ ነው የተቆጣችው። እስከዚያች ሰዓት "እርስዎ" ስትለኝ ነበር፤ መድኃኒቱን ስትሰጠኝ ወደ "አንተ" ወርዳ ነበርና እዚያው ቀረች።

"ስንት ክረምት ለመንኩ። ስንት ሽማግሌ ተቆጥቶኛል፣ ስንት ውሻ ነክሶኛል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲችል አንተ አንድ ጠዋት አቃተህ?"

"በሩ ተቆልፎ ነበር።"

"ሁልጊዜ በር የተቆለፈበት አንድ ሰው አይጠፋም" አለች። ባንዲራውን አጠፈችውና ጭኗ ላይ አኖረችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ በላቸው ደርሶ ነገሩን ሲሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ታብሌቱ ላይ 'አይ፣ አልታየም' ብለህ ሙላ። አንዲት መነኩሴ ናቸው ያዩህ፤ ለማን ይነግራሉ?"

ማስተዋል ሰማችው። ልጇን እያሰበች እንደነበር ፊቷ ላይ ይነበባል። "እማሆይ አላዩም ካልኩ፣ ከነገ ወዲያ ማንን ነው ቆፍር የምለው?" አለችና ተነሳች። እኔ በልቤ "አልታየም" የሚለውን ነክቼ ጨርሼ ነበር፤ የሷን ፊት ሳይ አፈርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። ሕጋቸው ቀላል ነው፦ ሜዳ ላይ የተያዘ ሰው አቅም ለሌለው አንድ ጉድጓድ ይቆፍራል። ባለሥልጣን ነው፣ ሀብታም ነው አይባልም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ አንድ ጊዜ ቆፍሯል አሉ። የእኔ ጉዳይ ግን ያልታሰበ ሆነ፤ የሌላ አገር ሰው ነኝና። አንዱ "በሕጋችን ውስጥ የለም፣ ይተው" አለ፣ ሌላው "ቀጪው ራሱ ሲቀጣ ማየት ያምረኛል" አለ። ሕዝቡ ሳቀ። የአጥቢያው ቄስ አለነ እስኪያባራ ጠብቀው አያ ቢያድግልኝን ጠየቁት።

"የት አደረ?"

"እኔ ቤት።"

"የማንን እንጀራ በላ?"

"የኔን።"

"እንግዳ ያደረበት ቤት ሰው ነው። ሌባ ቢወስደው አንተን አልነበረም የምንጠይቀው?"

አያ ቢያድግልኝ ላብ አሰመጠው። "አባቴ፣ የቆለፍኩት ለሱ ብዬ ነው። ንጹሕ ሆኖ እንዲያየው።"

"እናንተስ ከትናንት ወዲህ የት ትወጡ ነበር?"

"ቻል አደረግነው" አለ። የሻረግ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በሳቁ መካከል ማስተዋል ብቻዋን አልሳቀችም። ዞር ብላ ሌሎቹን ሞዴል ቤቶች ጠየቀች፤ ሁለቱ ደግሞ ለእኔ ሲሉ ቆልፈው ኖሯል።

ቄስ አለነ ፈረዱ፦ እንግዳውም ባለቤቱም አብረው ለእማሆይ ይቆፍሩ፤ ግን ዛሬ ሥላሴ ነው፣ መሬት አይነካም፣ ነገ ይሁን። ታብሌቱን አወጣሁ። "ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው ምልክት ታይቷል?" አዎ። ማያ ገጹ ቀላ። "ማን ነው?" ይላል ቀጥሎ፤ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ሕመምተኛ፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነክቼ "ተቆጣጣሪው" ብዬ ጻፍኩ። ባንዲራው ሳይሰቀል ወደ ጤና ኬላው ተመለሰ፤ የያዘችው ማስተዋል ናት። ሕዝቡ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀላት።

ቀን አራት፣ ረቡዕ

የምመለሰው ረቡዕ ነበር፤ በፍርድ ምክንያት አንድ ቀን ተራዘመ። አለቃዬ ደውሎ "ምን እየሠራህ ነው?" ሲለኝ "ድጋፍ እየሰጠሁ ነው" አልኩት። በዚህ ሥራ ዘመኔ ይህን ስናገር እውነት የሆነው ያን ቀን ነው።

የአያ ቢያድግልኝ እጅ ከዶማው ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። እኔ አካፋ ይዤ አፈር አወጣለሁ፤ ከማወጣው ይልቅ ተመልሶ የሚገባው ይበዛል። ቀኑ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ብላ አላለኝም፣ ሆዴም ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ተስማማ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከአፋፉ ላይ ተቀምጠዋል። ደከመኝ ብዬ ስቆም "ገና ጉልበትህ ድረስ ነው" ይሉኛል።

ታብሌቱ ያለ ፎቶ ማስረጃ አልልክም ብሎኝ ነበር። የትናንቱን ፎቶ አላነሳሁም፣ ባነሳም ማንም አይወደውም። ስለዚህ ጋሽ በላቸው ጉድጓዱ ውስጥ አካፋ እንደያዝኩ ፎቶ አነሳኝ፤ ከበላዬ እማሆይ ይታያሉ። አሁን በየስልኩ የሚዞረው ፎቶ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ማስተዋል መጣች። የጉድጓዱን ጥልቀት በእንጨት ለካች፣ "ጨምሩ" አለችን፣ ጨመርን። የሻረግ ሽሮና የተልባ ፍትፍት ይዛ ወጣች። ቁልፉ አንገቷ ላይ የለም።

"ቁልፉስ?" አልኳት።

"ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት፤ የኛው ጉድጓድ ውስጥ" አለች ቢያድግልኝን ሳታይ።

ስንሰናበት ለማስተዋል ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። "ይቅርታው ቤዛን አያመጣልኝም" አለች። ከዚያ ደግሞ ለመንገድ የሚሆን የሕይወት አድን ዱቄት እጄ ውስጥ ጨመረች። "ደጀን ላይ ጥብስ እዘዝ።"

ቀን አምስት፣ ሐሙስ

ማርቆስ ላይ የዞኑ ባለሙያ ሪፖርቱን በስልኩ ከፍቶ ፎቶውን አየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው መሳቁን ያወቅኩት። እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

"እስካሁን በሄድክባቸው ቀበሌዎች ሁሉ ምን ብለህ ነው የሞላኸው?"

"አልታየም።"

"እዚህስ?"

"ታየ።"

"ማን አየው?"

"እማሆይ ጥሩወርቅ።"

ሹራቡን ወደ ታች ጎተት አደረገው። "ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣን ሰው ይዘው ያስቆፈሩ ሰዎች፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ይለቃሉ?" አለ። ቃል አልገባልኝም። ሳይነግራቸው ራሱ ሄዶ እንደሚያይ፣ ያኔም ቁልፍ ያለበት በር ካገኘ እንደማይሰቅል ብቻ ነገረኝ።

ደጀን ላይ ጥብስ በላሁ። ጋሽ በላቸው ቁርጥ አዘዘ፤ "እኔ ተቆጣጣሪ አይደለሁም" አለ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ውሃ አልመጣም። አጥራችን ሥር አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። መቋሚያ ይዘው ከጀርባው የሚቆሙ እማሆይ ለሰፈራችን እንደሚያስፈልጉ ያኔ ገባኝ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ማስተዋል ደወለች። ከማርቆስ ነው። ባለሙያው ሳይታሰብ ሄዶ በር ለበር ዞሯል፤ ቁልፍ አላገኘም፣ ባንዲራው ተሰቅሏል፣ እሷም ተዛውራለች። ከኋላዋ የልጅ ድምፅ ይሰማል፤ "ማስቲ፣ እኔ ላውራ፣ ማስቲ።"

"አሁንም ማስቲ ነሽ?" አልኳት።

"አሁንም። ግን ማታ የምትተኛው ከእኔ ጋር ነው" አለችና ስልኩን ራቅ አድርጋ ልጅቷን ዝም አሰኘች። ድምፅዋ ሲመለስ ሳቅ ነበረበት።

"የእማሆይ ሽንት ቤት አለቀ። ስም አውጥተውለታል፤ ጌታሁን ይባላል። የገበያ መንገድ ዳር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሁሉ 'ጌታሁን ጋ ደርሼ ልምጣ' ነው የሚለው።"

የእኔ ስም እስካሁን ያለው ሪፖርት ላይ ነው፤ ሪፖርት ደግሞ ማንም አያነብም። በሩ ደህና መሆኑን ጠየቅኳት።

"በሩ ደህና ነው" አለች። "አያ ቢያድግልኝ ቁልፍ ላድርግበት ብሎ ነበር፤ እማሆይ ከለከሉ። መንገደኛ ሲቸግረው አውቃለሁ አሉ።"